ቀና በሉ፣ አቶ መኩሪያ

ጋሽ ኦይቻን በቀበርን ማግስት አቶ መኩሪያ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ሲያለቅስ እኔ ከሴቶቹ መሃል ቁጭ ብዬ አየሁት። መሃረብ አውጥቶ፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ፣ «ወዳጄን አጣሁ! የከተማችንን ዓይን አጣሁ!» ይላል። ወይ ጉድ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ! የዚህችን ከተማ ዓይን ማን እንዳጠፋው እኔ አውቃለሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ያውቃል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር፤ ብድግ ብዬ አንድ ነገር እንዳልናገር ፈርታ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ አቶ መኩሪያን «እርስዎ» እለዋለሁ። ባለ ሆቴል ነው፣ ሽበት አለው፣ እኔንም አሳዳጊ አልበደለኝም። እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንበትም።

ጋሽ ኦይቻ ፎቶ አንሺ ነበር። እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከኔ ፀጉር ቤት ጎን። ሁለታችንን የሚለየን አንድ ችፑድ ስለነበር እሱ ሰው ሲያነሳ እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ሰው ሳማ እሱ ይሰማል። «አስቱ፣ ዛሬስ በዛ!» ይለኛል ከወዲያ ሆኖ። ቀጭን፣ አጭር፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ከላዩ የማይወርድ ሰው ነበር። የሲቀላ ሙቀት ሰውን ሲያቀልጥ እንኳ አያወልቀውም፤ ደጋው ላይ፣ ጨንቻ ብርድ ውስጥ ያደገ ሰው የለመደውን ልብስ መጣል አይሆንለትም መሰለኝ።

ሰው ሊያነሳ ሲል የራሱን አገጭ በአንድ ጣቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። «ቀና በሉ» ይላል። ለሙሽራም፣ ለሹምም፣ ጥርስ ላላበቀለ ሕፃንም «ቀና በሉ» ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለዚህ ማሙሽ ደግሞ አንቱ ምን ያደርግለታል?» ብለው፣ «ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሁሉ አንቱ ነው» ብሎ ዘጋኝ። ስለ ሰው ባሕርይ ሲያወራም ሁልጊዜ በካሜራ ነበር። እገሌ ካሜራ ሲያይ ይደበቃል፣ እገሊት ካሜራ ስታይ ባሏን ትረሳለች። አቶ መኩሪያን ደግሞ፣ «እሱ ካሜራ ሲያይ ሌላ ነገር አያይም» ይለው ነበር።

የማያነሳው ነገር አልነበረም። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የእድር ስብሰባ፣ የሴቻና የሲቀላ ልጆች ኳስ፣ አዲስ የተሠራ ጸሎት ቤት፣ ጥምቀት። መስቀል ሲደርስ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ጨንቻ ይወጣል። አዲስ የተሾመ ሀላቃ፣ ማለትም አገሩን እንዲያገለግል በሽማግሌዎች የተመረጠ ሰው፣ ቅቤ ተቀብቶ በገበያው መሃል ሲዞር ያነሳዋል። ጦር ይዘው ለቅሶ ሜዳ ላይ የሚሮጡትን አባቶች ያነሳል። ሊፈርስ የተቃረበ የዶርዜ ቤት ካየ ከመኪና ይወርዳል። «ኦይቻ፣ የዘመመ ጎጆ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ሲስቁበት፣ «እናንተ ቆሞ እያለ መቼ አያችሁት?» ይላቸዋል።

ግን የኔን ልብ የሚበላው ሌላው ሥራው ነው። መቼም በኛ ዘንድ የሟች ፎቶ ትልቅ ሆኖ፣ ፍሬም ገብቶ ፊት ፊት ካልተያዘ ለቅሶው ጎደሎ ነው። ስንቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ፎቶ ቤት ሳይገባ ይሞታል! በተለይ እናቶች። በተለይ የደጋ ሰዎች። ልጆቻቸው እያለቀሱ ይመጡና፣ «ጋሽ ኦይቻ፣ እናታችን ፎቶ የላትም» ይሉታል። እሱ አይደነግጥም። የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የማን ሠርግ ላይ ነበረች?»

ከዚያ የካርቶን መዓቱን ያወርዳል። የጫማ ካርቶን፣ የሳሙና ካርቶን፣ ላያቸው ላይ የመንደሩ ስም የተጻፈባቸው፤ ሁሉም ፊልም ነው። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ይፈልጋል። ያገኛታል! ከሙሽሮቹ ጀርባ ቆማ፣ ወይ ድስት እያማሰለች፣ ወይ በሰው ትከሻ ግማሽ ፊቷ ተሸፍኖ። እሷን ብቻ ቆርጦ፣ አስተልቆ ያትማትና በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰጣቸዋል። «ጥግ ላይ ቆማ ነበር፤ አሁን መሃል ትሁን» ይላል። ለዚህ ነው አንድ ቁራጭ ፊልም የማይጥለው። ዛሬ ሰው ጀርባ ገብታ ፎቶ ያበላሸችው ሴትዮ ነገ ለልጆቿ ታስፈልጋለች።

የኔንም እናት አግኝቷት ነበር። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተችው፤ መልኳን አላውቀውም። ከአንድ የገረሴ አገር ሠርግ ፊልም ውስጥ፣ ዳር ላይ፣ ሰሃን ይዛ የቆመች ሴት አሳየኝ። «ያቺ ናት፤ አክስትሽም አይታ መስክራለች» አለኝ። ፊልም መቼም ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። ነጠላዋ ጥቁር፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ ታየኝ። በልጅነቷ የሞተችውን እናቴን ሸብታ አየኋት። «ቅዳሜ አጥቤ አወጣልሻለሁ» አለኝ ጋሽ ኦይቻ።

ከቅዳሜ በፊት አቶ መኩሪያ መጣ።

ያን ጊዜ አባያን ቁልቁል የሚያየውን ሆቴሉን ሊያስመርቅ እየተጣደፈ ነበር። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የድሮ ፎቶ እፈልጋለሁ አለ። «ለታሪክ ነው ኦይቻ፣ ለልጆቻችን ነው። ሁሉንም ስጠኝና እኔ ጋ ቁጭ ብዬ ልምረጥ።» ሁለቱም ከጨንቻ በላይ ካለች አንዲት መንደር የወጡ ናቸው፤ የአገሬ ልጅ ነው ብሎ አመነው። ካርቶኖቹ በፒካፕ ተጭነው ሲሄዱ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልቤ አልወደደውም። «ጋሼ፣ የገረሴውን እንኳ አስቀረው» አልኩት። «በሳምንቱ ይመልሳል አስቱ፣ ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ።

ሆቴሉ ተመረቀ። የጋሽ ኦይቻ ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ፤ ከሥራቸው «ከአቶ መኩሪያ ስብስብ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ጋሽ ኦይቻ ይህን አይቶ ሳቀ፤ ስም ለሱ ምኑም አልነበረም። ካርቶኖቹን ሲጠይቅ ግን፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ሰውየው አዲስ አበባ ነው፣ ቁልፉ ጠፋ። እንዲህ እየተባለ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ ራሱ አቶ መኩሪያ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ምን አለው መሰላችሁ?

«ኦይቻ፣ ያረጀ ላስቲክ እኮ ነው። መጋዘኑ ውሃ ገብቶት ሸተተ፣ አስጣልኩት። አዲስ ካሜራ ከፈለግህ እገዛልሃለሁ።»

ጋሽ ኦይቻ ከሆቴሉ በታች ካለው ገደል ወርዶ፣ ከቆሻሻው መሃል የቻለውን በማዳበሪያ ጆንያ ለቅሞ አመጣ። እኔ ደንበኞቼን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። የሰው ፀጉር በማጥብበት ገንዳ ያንን ፊልም አንድ በአንድ አጠብነው፤ ፎጣ በማሰጣበት ገመድ ላይ በፀጉር መቆንጠጫ ሰቀልነው። እርስ በርሱ ተጣብቋል። ስናላቅቀው ምስሉ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሳል። ገመዱ ሙሉ ባዶ ላስቲክ ሆነ። እኔ ሰሃን የያዘች ሴት ስፈልግ ዓይኔ ጠፋ። ጋሽ ኦይቻ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ባለው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «አስቱ፣ ዛሬ ስንት ሰው ሞተ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ? ሰው መቼ መሞት አቆመ! ልጆች እያለቀሱ ይመጣሉ። «ጋሽ ኦይቻ፣ አባታችን ፎቶ የለውም።» በችፑዱ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ልማድ ሆኖበት «የማን ሠርግ ላይ ነበር?» ብሎ ይጀምርና ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ በሰማሁ ቁጥር መኩሪያን በጥርሴ ብዘለዝለው ደስ ይለኝ ነበር። አዎ፣ እላለሁ፣ ማንን እፈራለሁ!

«ክሰሰው! ሆቴሉ በር ላይ ቆመህ ጩህበት! ካልሆነ እኔ ልጩህልህ» እለዋለሁ።

«ቆይ» ይለኛል።

«እስከ መቼ?»

«ቆይ አልኩሽ፣ አስቱ።»

ደሜ ይፈላ ነበር። ፈሪ መሰለኝ። ለካ የሚያነሳውን ሰው ቀና እስኪል ድረስ ከመጠበቅ ሌላ ምንም ሥራ የሌለው ሰው መሆኑን ረስቼ ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ክብር ያምረዋልና አቶ መኩሪያ በትውልድ መንደሩ ሀላቃ ሆኖ መሾም አማረው። የአገር ሽማግሌዎች ግን፣ «ከአገርህ ልጅ ጋር ነገር እያለህ አንሾምህም፤ ዱቡሻ ላይ ቀርበህ ጨርስ» አሉት። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ሜዳ ነው። እዚያ የቆመ ሰው አይዋሽም፤ ዋሽቶ የሄደ ጎሜ የሚሉት እርግማን ውስጥ ይገባል፣ ከብቱም ልጁም አይበረክትለትም ይባላል። የተጠየቀውም ይቅርታ አይነፍግም። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ከተነሱ ማን አልፏቸው ይሄዳል?

እኔ አልነበርኩም፤ ከጋሽ ኦይቻ አፍ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። አቶ መኩሪያ ለሹመቱ ያሠራትን አዲስ ዱንጉዛ ለብሶ፣ ያቺን ቀይና ቢጫ ጥበብ፣ ጋሽ ኦይቻ ፊት ተንበረከከ። እርጥቡን ሳር በሁለት እጁ ይዞ፣ ሕዝቡ እየሰማው፣ «የኦይቻን ፊልም ወስጄ አበስብሼ የጣልኩት እኔ ነኝ። የሰው እናትና አባት ነው የጣልኩት። ይቅር በለኝ» አለ። ጋሽ ኦይቻም፣ «ይቅር ብያለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አለቀ።

አለቀ ስንል፣ አቶ መኩሪያ ከጉልበቱ ሳይነሳ ዙሪያውን ቃኘ። ሕዝቡ ግጥም ብሏል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጉባኤ መሃል ሆኖ ፎቶ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም፤ የመሠረት ድንጋይ ሲጥል፣ ልጁን ሲድር፣ ኮርማ ሲያሳርድ፣ የሚያነሳው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ፊቱ ተቀምጧል። ልማድ ክፉ ነው፤ አቶ መኩሪያ ምን አለው?

«ኦይቻ፣ አላነሳኸኝም እንዴ?»

ጋሽ ኦይቻ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። አገጩን በጣቱ ከፍ አደረገ። «ቀና በሉ፣ አቶ መኩሪያ» አለ። አቶ መኩሪያም ዱንጉዛውን አስተካከለ፣ ሳሩን ከፍ አድርጎ ያዘ፣ ቀና አለ፣ ጥርሱን ብልጭ አደረገ። ቀጭ!

ያቺን ፎቶ አቤት እንዴት እንዳሠራት! ፍሬሟ የመስኮት ያህላል። ጋሽ ኦይቻ ፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ሰቀላት። የተነሳችው ከተበደለው ሰው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አቶ መኩሪያ የሚንበረከከው ፎቶውን ለሚያየው ሰው ነው። ለባጃጅ ሹፌሩ ተንበረከከ። ሙዝ ለምትሸጠው ሴትዮ ተንበረከከ። ከገደሉ ተፈልጋ ላልተገኘችው ሴትዮ ልጆች ተንበረከከ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሳሩን ይዞ ይቅርታ ይጠይቀኛል። «ገና ነው» እለውና በሬን እከፍታለሁ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከደጋ ወርደው መጡ። «ኦይቻ፣ ይቅር ብለህ የለም ወይ? ምነው ቂም ያዝክ?»

«ቂም አልያዝኩም» አላቸው። «ፎቶ ነው የያዝኩት።»

«አውርደው እንግዲያ።»

«ለምን? እርቅ ይደበቃል እንዴ? እንዲህ ያለ ያማረ እርቅ አይቼ አላውቅም፤ ከተማው ይማርበት ብዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ፎቶዋን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንደኛው ጋቢውን አፉ ላይ ጣል አደረገ። ከጀርባቸው እንደማየው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ዘመኑ እንደምታውቁት ነው፤ ሁሉም ስልኩን ይዞ ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ጋሽ ኦይቻ ጋ የሚመጣው ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ብቻ ሆነ። በኋላም መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ የሱ ፎቶ ቤት ፈረሰ፣ የኔ ለጥቂት ተረፈ። ያን ቀን ካሜራውን አይደለም ያሸሸው፤ ያቺን ፍሬም ተሸክሞ መጥቶ የኔ ፀጉር ቤት የመንገድ መስታወት ላይ ሰቀላት። «አንቺ ጋ ትሁን፣ ሴት ይበዛል፣ ወሬ ይደርሳል» አለኝ።

መጨረሻ ላይ ሲታመም ልጠይቀው ሄድኩ። ድምፁ ሰልሏል። «መኩሪያ ራሱ መጥቶ በአፉ ከጠየቀሽ፣ ፎቶዋን ስጪው» አለኝ።

«ጋሼ! ምን ነካህ?»

«ስጪው አልኩሽ። ዱቡሻ ላይ ይቅር ብያለሁ፣ ከሞትኩ በኋላ ጎሜ አታስገቢኝ።» ላለቅስ ስል እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣና አገጩን በጣቱ ከፍ አደረገ። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። የበሽታው መስሎኝ ነበር፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የሱን ለቅሶ ጎደሎነት ደግሞ ስሙ። የዚህን ሁሉ ሟች ፎቶ ያወጣ ሰው የራሱ ፎቶ አልተገኘም። ሰው ሲያነሳ ኖሮ እሱን ያነሳው ማንም የለም፤ ምናልባት በአንዱ ሠርግ ጥግ ላይ የሆነ ሰው አንስቶት ከነበረም እሱም ከካርቶኖቹ ጋር በስብሷል። ከመታወቂያው ላይ አስተልቀን ያዝን። ጉንጩ ላይ የቀበሌ ማህተም አለ። ያንን ፎቶ ፊት ፊት ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያቺን ሐምራዊ ማህተም እስክሞት አልረሳትም።

ለቅሶው በተነሳ ማግስት አቶ መኩሪያ ፀጉር ቤቴ መጣ። የጋሽ ኦይቻን ልጅ ማርታን አስከትሏል። ማርታ ሶዶ የምታስተምር፣ ከቤተክርስቲያኗ መዘምራን ጋር የምትዘምር፣ የዋህ ልጅ ናት።

«እትዬ አስቴር፣ እባክሽ ይቅር። አባባም ይቅር ብሎ ነው የሄደው» አለችኝ።

አቶ መኩሪያ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ «አስቴር፣ ያቺን ፎቶ ስጪኝ» አለ። «ከሟቹ ጋር ጨርሰናል። እኔም አርጅቻለሁ። የልጅ ልጆቼ በዚህ መንገድ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።»

ካስክ ስር ያሉት ሴቶች በሙሉ አንገታቸውን አወጡ። በአፉ ጠየቀ፤ ቃል ቃል ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ ፎቶዋን አወረድኩ። አቧራዋን በፎጣ ጠረግሁ፣ በሁለት እጄ ይዤ ሰጠሁት። ተቀበለኝ። ፊቱ እንዴት እንደፈካ ብታዩ! «ተባረኪ፣ ተባረኪ» እያለ ወደ ደረቱ አስጠጋት።

ያኔ ነው የጋሽ ኦይቻ ጣት የገባኝ።

ስልኬን ከሽርጤ ኪስ አወጣሁ። «አቶ መኩሪያ» አልኩት በተቻለኝ ትሕትና፣ «እንዲህ ያለ ቀን ዝም ብሎ አይታለፍም። ለማስታወሻ አንድ ላንሳዎት?»

ማርታ ገብቷታል መሰለኝ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ግን ስልኩን አየ። ስልኩን ሲያይ ሌላ ነገር አላየም። ኮሌታውን አስተካከለ፣ ኮፍያውን ለማርታ አስያዘ።

«ፍሬሟን ወደኔ ያዙሯት፣ ጀርባዋ ነው የሚታየው።»

አዞራት።

«ትንሽ ከፍ።»

ከፍ አደረጋት።

አገጬን በጣቴ ከፍ አደረግሁ። «ቀና በሉ፣ አቶ መኩሪያ።»

ቀና አለ። ጥርሱን ብልጭ አደረገ። ቀጭ!

እሱ የድሮዋን ይዞ ሄደ፤ ምን እንዳደረጋት አላውቅም፣ ደንታም የለኝም። እኔ አዲሷን ከፊተኛዋ አስበልጬ አሳተምኩና መስታወቴን ሞላሁባት። አሁን እዚያ ላይ ሁለት መኩሪያ አለ። አንዱ ሳር ይዞ ተንበርክኳል፣ አንዱ ደግሞ የተንበረከከውን ታቅፎ እየሳቀ ቆሟል። ባጃጆች ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ከሴቻ ድረስ ፀጉር ልሠራ ብለው እሷን ለማየት የሚመጡ አሉ።

ባለፈው ሰሞን ሽማግሌዎቹ ከደጋ ወርደው እኔ ጋም መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። «ልጄ፣ ይህ ነገር እኮ ዱቡሻ ላይ አልቋል» አሉኝ።

«የጋሽ ኦይቻ አልቋል አባቶቼ» አልኳቸው። «እኔ ዱቡሻ ላይ አልነበርኩም። ይቅር ያልኩትም ሰው የለም። ያቺን ከገረሴ ሠርግ ዳር ሰሃን ይዛ የቆመችውን ሴት ፈልጎ ያምጣልኝ። መስታወቱ ላይ እሷን እሰቅልና እሱን አወርዳለሁ።»